አብዶ ያሰረው ገመድ

በጎባ ላይኛው ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የበየነ በር ነው። የእድሩ ድንኳን የሚቀመጠው እሱ ግቢ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነውና። በሩ በጠዋት ሲንኳኳ በየነ "ማነው?" ብሎ አይጠይቅም። "መጣሁ" ነው የሚለው። ካፖርቱን ይደርባል፣ መዶሻውን ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው "የት ቤት ነው?" የሚለው።

ይህን ማድረግ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የሚተዳደረው በሌላ ሥራ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኖ ኳስና ጠመኔ፣ ወንበርና የመስኮት መስታወት ሲረከብና ሲያስረክብ ጸጉሩ ሸበተ። የእድሩ ሰዎችም ንብረታቸውን የሰጡት ይህን አይተው ነው። በየነ እጅ የገባ ዕቃ አይጠፋም። ብርጭቆ ቢሰበር እንኳ ስባሪውን አምጡ ይላል።

ድንኳኑ መቶ ሰው የሚይዝ ትልቅ ሸራ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይተክለውም። አንዱ ምሰሶውን አቅፎ ሲያቆም ሌላው ገመዱን መሳብ አለበት፤ ሁለቱ ካልተናበቡ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሸራውን ከነሰዎቹ ይጥለዋል። ምሰሶውን የሚይዘው በየነ ነበር። ገመዱን የሚስበው አብዶ።

አብዶ ከሃረና ጫካ ቡናና ማር እያመጣ ጎባ ገበያ የሚሸጥ ሰው ነበር። ዛሬ አስፋልት አለ፤ እሱ ወጣት በነበረበት ጊዜ ግን ያን ሁሉ የሳነቴ ብርድ የሚያቋርጠው ጭነቱን በፈረስ ጭኖ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የተማረው አንድ አስተሳሰር አለ። የጭነት እስር ነው። ነፋስ ሲጎትተው ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ሌላ ሰው በጥርሱም አይፈታውም። አብዶ ግን በሁለት ጣቱ አንድ ቦታ ነካ ሲያደርገው ገመዱ እንደ ተኛ እባብ ዘርጋ ይላል። በየነ ሃያ ዓመት አጠገቡ ቆሞ እያየ ሊማረው አልቻለም።

"ያ በየነ፣ አንተ ፈረስ ጭኖህ ያውቃል እንጂ ፈረስ ጭነህ አታውቅም" ይለው ነበር አብዶ እየሳቀ።

"አንተ እያለህ ለምን ብዬ እማራለሁ?" ይላል በየነ።

አብዶ ሙስሊም ነው። በየነ ደግሞ አያቱ ከመንዝ መጥተው ባሌ የቀሩ ክርስቲያን ነው። እድሩ ግን የሁሉም ነው። የሙስሊሙ ተእዚያም የክርስቲያኑ ለቅሶም ሦስት ቀን ነውና ድንኳኑ ለሁሉም ሦስት ቀን ይቆማል። ሁለቱ ጓደኛሞች ስንት ሰው ሸኝተዋል! አብረው ምን ያህል ድንኳን እንደ ተከሉ ቢጠየቁ አያውቁትም።

በእድሩ ደንብ ውስጥ አንቀጽ ዐሥራ አራት የሚባል ነገር አለ። ያመጣው አብዶ ነው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰሞን አንድ ለቅሶ ላይ ሁለት ሰዎች በፓርቲ ተጨቃጭቀው ወንበር ተወራወሩና የሟች ሚስት ግንባሯን ተመታች። በወሩ ስብሰባ አብዶ ብድግ ብሎ "ጀመዓ፣ የሞተ ሰው ፓርቲ የለውም። እዚያ ድንኳን ውስጥ ቅስቀሳ ካመጣን ድንኳኑ አያስፈልገንም ማለት ነው፤ ይፍረስ" አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በየነ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቱ መዝገቡ ላይ አሰፈረው፦ "በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የፓርቲ ቅስቀሳ ከተደረገ ድንኳኑ በዚያው ሰዓት ይፈርሳል።" ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ማንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

ባለፈው ምርጫ ዳቢሴ ተወዳደረ። ዳቢሴ ዘፋኝ ነው፤ ሮቤ ተወልዶ ያደገ፣ ከጎባ እስከ ጎሮ ዘፈኑ ያልተሰማበት ሰርግ የለም። የቀረበው የወፍጮ ምልክት ባለው ፓርቲ ነበር። በየነ ደግሞ የፋኖሱ ሰው ነው። የፓርቲ መታወቂያ የለውም፣ ስብሰባም አይሄድም፤ ግን የፋኖስ ሰው ነው፣ አለቀ።

ሰቢሪና ሻይ ቤት ተቀምጠው በየነ ወሬውን ጀመረው።

"ዘፋኝ ምክር ቤት ገብቶ ምን ሊሠራ ነው? በጀት ሲጸድቅ ሊያስጨበጭብ?"

ሰው ሳቀ።

"እሱስ ዘፍኖላቸው ነው፤ ሌሎቹ ሳይዘፈንላቸው አይደል የሚያጨበጭቡት" አለች ሰቢሪና ብርጭቆ እያጠበች። ሳቁ ባሰ።

"እኔ የምለው" አለ በየነ፣ "ሰው ማይክራፎን ስለያዘ አገር ይመራል ማለት ነው? ሰርጉን ትቶ ወንበር የሚያሳድድ!"

አብዶ ሻዩን አስቀመጠ። "ተው በየነ። ልጁ ሰው ነው። ከሳላሀዲኔ ጋር ካንድ ሳህን የሚበላ ልጅ ነው።"

ሳላሀዲን የአብዶ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለዳቢሴ ኦርጋን ይመታለታል። ከዚያ ወሬ ሦስት ሳምንት አልሞላም። ሳላሀዲን ከሮቤ ወደ ጎባ በሞተር ሳይክል ሲመጣ መንገድ ላይ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

በየነ ምሰሶውን አቁሞ ገመድ የሚስብለት ሰው በዓይኑ ሲፈልግ አብዶ ከቤት ወጣ። ሰዎች "ተው አብዶ፣ አንተ ተቀመጥ" አሉት። "ዛሬ ነፋስ አለ" አለ።  የልጁን ድንኳን ዐሥራ ሁለቱንም ገመድ ራሱ አሰረ።

በማግስቱ ዳቢሴ ከጎሮ መጣ። ቅስቀሳ ላይ ነበርና የመጣው በዚያው በወፍጮ ሥዕል በተለጠፈበት መኪና ነው። ካሜራ የያዘ ሰው አብሮት ወርዷል። ዳቢሴ አብዶ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ልቅሶው የእውነት ነበር። ኋላ ግን አብሮት የመጣ አንዱ ማይክራፎን እጁ ላይ አኖረለት። ማይክራፎን የለመደ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይይዘውም።

"ሳላሀዲንን የበላው ይህ መንገድ ነው" አለ ዳቢሴ። "ይህን መንገድ የሚያሠራልን ሰው ያስፈልገናል። እኛ ከተመረጥን…"

የእድሩ ዳኛ ደምሴ ወደ በየነ ጠጋ አለ። "አንቀጽ ዐሥራ አራት" አለው በጆሮው።

በየነ ዳቢሴን በክንዱ ይዞ ማውጣት ይችል ነበር። ያን ጊዜም ይህን ያውቅ ነበር። ማይክራፎኑን መቀበልም፣ "ልጄ፣ እዚህ አይሆንም" ማለትም ይቻል ነበር። ግን የወፍጮውን ሥዕል አየና ውስጡ አንድ ነገር ደስ አለው። ከቀብር በኋላ፣ በጓደኛው ሐዘን መካከል፣ ደስ አለው። መዶሻውን አንስቶ ወደ መጀመሪያው ካስማ ሄደ።

ገመዱ እምቢ አለው። በጥፍሩ ሞከረ፣ በመዶሻው ጫፍ ሞከረ። ሰው ሁሉ ያያል። ዳቢሴ ማይክራፎኑን እንደ ያዘ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ያን ጊዜ አብዶ ከምንጣፉ ተነሳ። ጫማም አላደረገ፤ በካልሲው ሣሩ ላይ መጣ።

"ተው፤ እኔ እፈታዋለሁ።"

ዐሥራ ሁለቱንም ፈታ። ሸራው ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ፤ የሳላሀዲን ለቃስተኞችም የቀረውን አንድ ቀን ተኩል ነፋሱ ላይ ተቀመጡ።

ከተማው በየነን አመሰገነ። "ሕግ ማለት እንዲህ ነው! ለጓደኛው እንኳ አላደላም!" ተባለለት። እሱም አመነ። ሚስቱ እኅተማርያም ብቻ ናት ያላመሰገነችው።

"አብዶ ሲፈታ እጁን አየኸው?" አለችው።

"እጁ ምን ሆነ?"

"አላየኸውማ" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ አብዶ ድንኳን ለመትከል መጥቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲገናኙ "ነጋ?" ይለዋል በየነ፣ ሰላም ነው ወይ ለማለት። "ነጋ" ይላል አብዶ፣ ያልፋል። ተጣልተው ቢሆን ሽማግሌ ይገባ ነበር። ያልተጣላን ሰው ማን ያስታርቃል? በየነ ገመዱን በራሱ አስተሳሰር ማሰር ጀመረ። ሁለት ጊዜ ድንኳኑ በለቃስተኛ ላይ ወደቀ። ዳቢሴ ምርጫውን ተሸንፎ ወደ ሰርጉ ተመለሰ።

እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ጉሉማ መጣ።

ጉሉማን የማያውቅ የለም። በሩጫ ስንት አገር ያሸነፈ ልጅ ነው። ከገጠር መጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ ገና ጎህ ሳይቀድ ሜዳውን መሮጥ ይፈልግ ነበርና የግቢውን በር በራሱ ቁልፍ የሚከፍትለት በየነ ነበር። ጭጋጉ ውስጥ አይታይም፤ የእግሩ ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። በየነ ካፖርቱን ተከናንቦ ደረጃው ላይ ይቀመጥና ዙሩን ይቆጥርለታል። ጉሉማ ከታወቀ በኋላ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን "ጋሽ በየነ የሚባሉ ሰው በር ይከፍቱልኝ ነበር" አለ። የዚያን ቀን በየነ ቀኑን ሙሉ ቤት መግባት አቃተው፤ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ። የጉሉማ ፎቶ ከቅድስት ማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዘንድሮ ጉሉማ የፋኖሱ ዕጩ ሆነ።

"ጉሉማ ሌላ ነው" አለ በየነ ሰቢሪና ሻይ ቤት። "ላቡን ያፈሰሰ ልጅ ነው። ለአገር የሮጠ ለአገር ይሠራል።"

"ጋሼ፣ ያኔ 'ሰርጉን ትቶ ወንበር የሚያሳድድ' ያሉት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?" አለች ሰቢሪና።

"ያ ዘፋኝ ነው!"

"እሺ፣ ይኼኛው ወንበሩን በስንት ደቂቃ ይደርስበታል?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በየነ አልሳቀም። ያኔ ለዳቢሴ ሲሟገት የነበረው ጸጉር ቆራጩ ዘይነዲን ደግሞ ከወዲያ ጥግ "ሯጭ ምን ፖለቲካ ያውቃል? እግር እንጂ ራስ አይሮጥም!" ይላል። የዛሬ አምስት ዓመት ይህን የሚመስለውን ቃል ሲናገር የነበረው በየነ፣ ተሳዳቢ ብሎ ሲነቅፈው የነበረው ዘይነዲን ነበር። አብዶ በር አጠገብ ተቀምጦ ሻዩን ጠጣ፣ ብርጭቆውን መለሰና "ነጋ ቡላ" ብሎ ተሰናብቶ ወጣ።

በመጋቢት እኅተማርያም ሞተች። ሳምንት ብቻ ታመመች። እንደ ለመደችው ለማንም ሳታስቸግር ሄደች።

በየነ የቆርቆሮዋን ክፍል ለራሱ ቤት ከፈተ። የሰፈሩ ሰዎች "ዛሬ አንተ አትንካ" ቢሉትም ምሰሶውን አቅፎ ቆመ። ሌላ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ጭጋጉ ግቢውን ሞልቶታል። ገመዱ ሣሩ ላይ ወድቋል። ያኔ አንድ ሰው በጭጋጉ ውስጥ መጥቶ ጎንበስ አለና ገመዱን አነሳ።

"ልሳብ?" አለ አብዶ።

"ሳብ" አለ በየነ።

ድንኳኑ ቆመ። አብዶ ካስማ ካስማውን እየዞረ ዐሥራ ሁለቱንም በዚያ በእሱ አስተሳሰር አሰረ፤ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሲጨርስ መጥቶ በየነን ትከሻው ላይ ያዘው። "አላህ ሰብር ይስጥህ። ደግ ሰው ነበረች።" በየነ ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ አላለቀሰም ነበር፤ ያን ጊዜ አለቀሰ። በልቡም ወሰነ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ፣ አብዶ ገመዱን እየፈታ ሳለ፣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አለ። ሽማግሌ አያስፈልግም። ሁለታችን ብቻ፣ ገመዱ ላይ ጎንበስ ብለን።

በሁለተኛው ቀን የፋኖስ ሥዕል የተለጠፈባት መኪና በሩ ላይ ቆመች። ጉሉማ ከሁለት ሰዎች ጋር ገባ። በየነ ጉልበት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ እሱም የእውነት ነው ያለቀሰው። እኅተማርያም በብርድ ሲሮጥ ለከረመ ልጅ ትኩስ ገንፎ ታቀርብለት ነበርና። በየነ ከወንበሩ ተነስቶ ጉሉማን አስቀመጠው። ሰው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። የእድሩን የድምፅ ማጉያ ለጉሉማ አንስቶ የሰጠው ደምሴ ራሱ ነው።

"እኚህ ሰው ለእኔ በር ከፍተውልኛል" አለ ጉሉማ። "እኔም ለእናንተ ለልጆቻችሁ በር ልከፍት ነው የመጣሁት። ሰኔ ላይ ፋኖስን ስትመርጡ የምትመርጡት ይህን በር ነው…"

ሰው "አሜን" አለ። በየነም "አሜን" አለ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል አንድ ጣፋጭ ነገር በውስጡ ሲያልፍ ተሰማው። ቀና ሲል አብዶን አየው።

አብዶ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሞ ለሚገቡት ሰዎች የእጅ ውኃ እያፈሰሰ ነበር። ጆጉን መሬት አስቀመጠ። መጀመሪያ ደምሴን፣ ቀጥሎ በየነን አየ። ቁጣ የለበትም አስተያየቱ። የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። ደምሴ ወደ ጉሉማ ዞሮ ፈገግ ብሏል። በየነ ምን እንደሚጠበቅ ያውቃል። አንቀጹን በእጁ የጻፈው እሱ ነው። "ልጄ፣ እዚህ አይሆንም" ቢል ይበቃ ነበር። ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ።

 አብዶ እጁን በጋቢው አደረቀና ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበርና ገመዱ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው። ሰዎቹ ታገሉ፣ ታገሉና "ጋሼ፣ በቢላ እንበጥሰው?" አሉት።

"አይበጠስም" አለ በየነ።

አብዶን ልጥራው የሚል ሰው አልነበረም። ካስማዎቹን ከመሬት ነቅለው ገመዱን እንደ ታሰረ ጠቀለሉት። ዐሥራ ሁለት ካስማ ከሸራው ላይ እየተንጠለጠለ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ገባ።

በወሩ ስብሰባ በየነ እጁን አወጣ። "አንቀጽ ዐሥራ አራት ተጥሷል። የተጣሰው በእኔ ድንኳን ነው። ቅጡኝ" አለ።

ደምሴ መነጽሩን አወለቀ። "አቶ በየነ፣ ሐዘን ላይ ነዎት። ይቀመጡ።"

"ለአብዶ ልጅ ድንኳን አፈረስን። ለእኔ ሚስት አላፈረስንም።"

"ጉሉማ ምስጋና ነው ያቀረበው። ቅስቀሳ አይባልም።"

"ፋኖስን ምረጡ አላለም?"

"በሐዘን መካከል ካፉ አመለጠው እንጂ…"

"ዳቢሴስ?"

"ያ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላ?"

ከኋላ አንዱ "ጉሉማ ያገራችን ልጅ ነው እኮ!" አለ። "ዳቢሴስ ያገር ልጅ አይደለም?" አለ በየነ።  ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። የወፍጮዎቹ ደጋፊዎች ደግሞ "ቅጡት! ሰማችሁ፣ በራሱ አፍ አምኗል!" እያሉ ተነሱና ስብሰባው ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ደምሴ "ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ" አለ። አብዶ እዚያ አልነበረም። ሃረና ወርዶ ነበር።

በየነ ይህን ሁሉ ለአብዶ በአፉ ሊነግረው ይፈልጋል። ሌላው የቀረ ነገር ይቅር፤ አብዶ ይህን ከእሱ አፍ ይስማ። ግን ከስብሰባው ማግስት ጀምሮ መንገድ ላይ "ጋሽ በየነ ወደ ወፍጮ ገቡ አሉ" መባል ተጀመረ። ዘይነዲን "እንኳን ደህና መጡ" ብሎ ጸጉሩን በነፃ ሊቆርጥለት ተነሳ። የፋኖሶቹ ሰዎች ደግሞ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። አሁን ያኔ ለዳቢሴ ሲሟገት ወደ ነበረው አብዶ ቤት ብሄድ ምን ይባላል? አለ በየነ በልቡ። ምርጫው ይለፍ። ካለፈ በኋላ ማንም ምንም አይልም።

በግንቦት አብዶ ከሃረና ደረቱን ታሞ ተመለሰ። በየነ አንድ ጊዜ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። የአብዶ ልጅ ፈርዶሳ ወጥታ "አባዬ ገና ተኛ፤ ልቀስቅሰው?" አለችው። "አይ፣ ይተኛ። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ" አለ። ከመንገዱ ማዶ ደምሴ ቆሞ እያየው ነበር።

ሰኔ ላይ ምርጫው ሆነ። በየነ ተሰለፈ፤ ድምፁን ለፋኖስ ሰጠ። እጁ ስለ ለመደ ነው። ጉሉማ አሸነፈ። መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ እስከ ሮቤ ሄደው ተመለሱ። በየነ በሳምንቱ መጨረሻ አብዶ ዘንድ ሊሄድ አስቦ፣ እኅተማርያም ለክብር እንግዳ ብላ ያስቀመጠችውን የማር ማሰሮ ከመደርደሪያ አውርዶ አጸዳ። ማሩ ድሮ አብዶ ያመጣላት የሃረና ማር ነበር።

ከምርጫው በአምስተኛው ቀን ጠዋት የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የአብዶን ስም ጠራ።

በየነ ልብሱን ለብሶ በሩ አጠገብ ቆመ፣ እስኪንኳኳ። አልተንኳኳም። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጥቂት ጠበቀና ወጥቶ የፈረስ ጋሪ ጠራ፤ ከጋሪ ነጂው ጋር ሸራውን፣ ምሰሶውንና የሚንጠለጠሉትን ካስማዎች ጭነው ወደ አብዶ ቤት ሄዱ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

በሩ ላይ ፈርዶሳ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። በየነን ስታይ ጎንበስ ብላ ሳመችው።

"ጋሼ፣ ይግቡ። ድንኳኑ ግን ይቅር።"

"ልጄ፣ ሰማዩን አታይም? ለቃስተኛው ሊበሰብስ ነው እኮ።"

"አባዬ ነው እንዳይተከል ያለው።"

በየነ የጋሪውን ጠርዝ ያዘ። "ተቀይሞኝ ነው?"

"እኔም ይህንኑ ጠይቄው ነበር። 'በየነን ክፉ ቃል እንዳትናገሪው፣ ሲመጣ አስገቢው' አለኝ።"

"ታዲያ ድንኳኑ ለምን?"

ፈርዶሳ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። "'ከን ሂኩ ሂንጂሩ' አለ። የሚፈታው ሰው የለም። ሌላ ምንም አላለም።"

አብዶ ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረ። በየነ ከቀብሩ ሲመለስ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ወንዶቹ ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጋቢ የነበረው ተከናንቧል፤ የሌለው ላስቲክ ራሱ ላይ አድርጓል። ደምሴም አለ፤ በየነ ሲቀመጥ ፊቱን አዞረ። ጉሉማ አዲስ አበባ ነበር። ደውሎ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝቷል አሉ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ባጃጅ ቆመችና ዳቢሴ ወረደ። ብቻውን ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ፈርዶሳን አጽናንቶ ወንድ ወዳለበት መጣ። አግዳሚው ሞልቶ ነበር።  በየነ ጠጋ አለና ቦታ ሰጠው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ዝናቡን እየተቀበሉ ተቀመጡ።

"ያን ቀን" አለ ዳቢሴ ወደ በሩ እያየ፣ "መኪናዋን መንገድ ላይ አቁሜ በእግሬ መግባት ነበረብኝ ጋሼ።"

"እኔም በእጄ ይዤ ላወጣህ ይገባኝ ነበር።"

"ታዲያ ምነው አላወጡኝም?"

በየነ ፊቱን ከዝናቡ ጠረገ። "ወፍጮ ስለነበርክ" አለ።



በየነ ተነስቶ ወደ ጋሪው ሄደ። ከተጠቀለለው ሸራ አንድ ካስማ ተንጠልጥሏል። ገመዱ በላዩ ላይ እንደ ታሰረ ነው። አብዶ በመጋቢት ጭጋግ ውስጥ እንዳሰረው። ሃያ ዓመት ሲያይ ወደ ኖረው ቦታ ሁለት ጣቱን ሰደደና ነካ አደረገው። ደግሞ ነካው። ዝናቡ ገመዱን ይበልጥ እያጠነከረው ነበር።

"ጋሼ፣ ይራገፍ ወይስ ይመለስ?" አለ ጋሪ ነጂው። ፈረሱ ጆሮውን ጥሎ ቆሟል።

"ይመለስ" አለ በየነ። "ካስማዎቹን እንዳትነካካ፤ እንዳሉ አስቀምጣቸው። እኔ እዚህ እቆያለሁ።"

ጋሪው ሲሄድ እያየ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ቦታው ላይ፣ ዝናቡ ላይ ተቀመጠ። ተእዚያው ሦስት ቀን ነው።